ሊሞት ሄዶ ሊያክም የተመለሰው ሐኪም

የስኳር በሽታ ነገር ሲነሳ ቶሎ የሚጠሩት ኢንሱሊንን ያገኙት የካናዳ ተመራማሪዎች፣ እነ ባንቲንግና ቤስት ናቸው። ክብሩም ይገባቸዋል። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ላስተዋውቃችሁ የፈለግኩት መድኃኒቱን ያገኘውን ሳይሆን፣ ከመድኃኒቱ ጋር እንዴት እንደሚኖር ያሳየውን ሰው ነው። ስሙ ሮበርት ዳንኤል ሎውረንስ ይባላል። ሐኪምም ነበር፣ ታማሚም ነበር። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ ናቸው።)

ሎውረንስ በ1892 በስኮትላንድ፣ አበርዲን ከተማ ተወለደ። አባቱ የብሩሽ ፋብሪካ የነበራቸው፣ ደህና ኑሮ የሚኖሩ ሰው ነበሩ። ልጁ በአበርዲን ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ የተማረው ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ነው። ከዚያ ግላስጎው በሚገኘው በአጎቱ የጨርቅ መደብር ለጥቂት ጊዜ ሠራ፤ ንግዱ ግን አልሆነለትም። ተመልሶ ሕክምና ገባና በ1916 በማዕረግ ተመረቀ። ከሕክምናው በፊት ቋንቋ የተማረ መሆኑን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጦር ሐኪም ሆኖ እስከ ህንድ ዘልቆ ተመለሰና፣ ለንደን በሚገኘው ኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል ሥራ ያዘ።

ነገሩ ሁሉ የተገለበጠው በ1920 ነው። ከጆሮ ጀርባ ያለውን አጥንት የመክፈት ቀዶ ሕክምና በአስከሬን ላይ ሲለማመድ፣ ከመሮው ሥር የተፈናጠረ የአጥንት ስባሪ ቀኝ ዓይኑን መታው። ዓይኑ አመረቀዘ። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሽንቱ ሲመረመር ደግሞ ስኳር ተገኘበት። ገና ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም።

በዚያ ዘመን ይህ ውጤት ለወጣት ሰው ከሞት ፍርድ አይተናነስም። ኢንሱሊን የለም። ያለው ሕክምና ረሃብ ነው። ታማሚው ምግቡ እየተለካና እየተቀነሰ፣ ከስቶ አጥንቱ እስኪቆጠር ድረስ ዕድሜውን ትንሽ ለማስረዘም ይሞክራል። ሎውረንስ ሐኪም ነውና የሚመጣውን ያውቃል። በቤተሰቡ ዓይን ፊት መሞት ስላልፈለገ ወደ ጣሊያን፣ ፍሎረንስ ሄደ። እዚያ የሚኖሩ እንግሊዞችን እያከመ ቀኑን ይጠብቅ ጀመር። በ1922 መጨረሻ በገባው የብርድ ወቅት ብሮንካይት ያዘውና ስኳሩ ከቁጥጥር ወጣ። ነርቮቹ ተጎዱ፣ መራመድ እንኳ ከበደው።

እሱ ሞቱን በሚጠብቅበት ጊዜ ቶሮንቶ ላይ ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። በጃንዋሪ 1922 ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን ተወግቶ ከሞት አፋፍ ተመለሰ። በሜይ 1923 ደግሞ የኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል ባልደረባው ዶክተር ሃሪሰን ለሎውረንስ ቴሌግራም ላከለት። ኢንሱሊን እጁ መግባቱን፣ መድኃኒቱም እንደሚሠራ ነግሮት በፍጥነት እንዲመለስ ጠየቀው። ሎውረንስ በዚያ አቅሙ መኪናውን እየነዳ አውሮፓን አቋርጦ ሜይ 28 ቀን ሆስፒታሉ ደረሰ። ሜይ 31 ቀን 1923 የመጀመሪያውን መርፌ ወሰደ።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ብንቋጨው ደስ ይለናል። ቴሌግራም አለ፣ ጉዞ አለ፣ ሰው ከሞት ተርፏል። ዋናው ሥራ የተጀመረው ግን ገና ከዚህ በኋላ ነው።

ምክንያቱም ኢንሱሊን በሽታውን አያጠፋም። የጤነኛ ሰው ቆሽት እንጀራ ሲበላ ኢንሱሊኑን ይጨምራል፣ ሲጾም ይቀንሳል፤ ባለቤቱ ምንም አያውቅም። ታማሚው ግን ይህን ሥራ ራሱ መሥራት አለበት። መርፌው ከበዛ ስኳሩ ወርዶ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግራ ይጋባል፣ ካልደረሱለት ራሱን ይስታል። መርፌው ካነሰ ደግሞ ስኳሩ ወጥቶ፣ ደሙ በኪቶን ተመርዞ ሊሞት ይችላል። የያኔው ኢንሱሊን ቶሎ ሠርቶ ቶሎ የሚያልቅ ስለነበር በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ መወጋት ያስፈልጋል። መርፌው የሚቀቀል፣ ሲደንዝ የሚሳል ነው። እንደዛሬው በጣት ጠብታ ደም ስኳርን የሚለካ መሣሪያ የለም። ሽንት ቤኔዲክት ከሚባል ሰማያዊ ፈሳሽ ጋር ይፈላና ቀለሙ ይታያል፤ ሰማያዊ ከቀረ ደህና፣ ወደ ጡብ ቀለም ከሄደ ስኳሩ በዝቷል ማለት ነው።

ሎውረንስ ምግቡንም ወደ ቀላል ስሌት አወረደው። የመስመር ራሽን ይባላል። ጥቁር ድርሻ አለ፣ እሱ 10 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው። ቀይ ድርሻ አለ፣ እሱ ደግሞ ሰባት ግራም ተኩል ፕሮቲንና 9 ግራም ስብ ነው። አንድ ጥቁርና አንድ ቀይ ሲገናኙ አንድ መስመር ይሆናሉ። ታማሚው በየማዕዱ ስንት መስመር እንደተፈቀደለት ካወቀ፣ ምግቡን እንደ ፍላጎቱ ይቀያይራል። ሦስተኛው እንቅስቃሴ ነው። በ1926 ባሳተመው ጥናት እንቅስቃሴ የኢንሱሊንን ጉልበት እንደሚጨምር አሳየ። የሚሠራ ጡንቻ ስኳርን ከደም ይስባል፤ ስለዚህ ብዙ የሚራመድ ወይም ኳስ የሚጫወት ሰው መርፌውን መቀነስ ወይም ቀደም ብሎ አንድ ነገር መቅመስ ይኖርበታል። መድኃኒት፣ ምግብ፣ እንቅስቃሴ፤ አንዱ ሲነካ ሌሎቹ ሁለቱ መስተካከል አለባቸው።

አሁን ወደ ቋንቋው እንመለስ። በ1925 ያሳተመው መጽሐፍ ለሐኪምም ለታማሚም የተጻፈ ነበር። ታማሚ የታዘዘውን ብቻ የሚያደርግ ሳይሆን ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት ብሎ ያምናል። መጽሐፉ በተደጋጋሚ እየተሻሻለ ለአሥርት ዓመታት ታትሟል። በ1934 ደግሞ ታማሚው ከነበረው ከታወቀው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ ጋር የእንግሊዝን የስኳር ሕሙማን ማኅበር መሠረተ። ማኅበሩ የቆመው ድሃውም ኢንሱሊን እንዲያገኝ ነው፤ ዛሬም በሌላ ስም አለ። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕሙማን ፌዴሬሽን በ1950 ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ያው ሎውረንስ ነበር።

ይህን ሰው ለምን መረጥክ ብትሉኝ፣ ታናሽ እህቴ ኢንሱሊን ትወጋለች። ቤታችን ፍሪጅ ስለሌለ እናቴ መድኃኒቱን እርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀበረ ገንቦ ታስቀምጠዋለች። አምና እህቴ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ የስኳር በሽታን ጨርሶ የሚነቅል ቅጠል ተገኘ ብሎ ሲያወራ ሰምታ መርፌዋን ተወች። በሦስተኛው ቀን ውኃ ጥሙና ትውከቱ ጠንቶባት ሆስፒታል ገባች። ተርፋለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ያንን ወሬ ያቀረበው ሰው ግን እስከዛሬ የሆነውን አያውቅም።

ለዚህ ነው የሎውረንስ ታሪክ ለኛ ትምህርት ክፍል ይሆናል የምለው። መድኃኒት ተገኘ የሚል ዜና ለመጻፍ አንድ ቀን ይበቃል። ሰውየው ከዚያ በኋላ ጠዋት ምን እንደሚበላ፣ ስንት እንደሚወጋ፣ ምን ያህል እንደሚራመድ መጻፍ ግን ጠይቆ መረዳት ይፈልጋል። ነገ ማይክራፎኑ እኛ እጅ ሲገባ፣ መድኃኒቱ ይፈውሳል ወይስ ያኖራል ብለን ሳንጠይቅ ባንናገር ጥሩ ነው።

ሎውረንስ ያረፈው በኦገስት 1968፣ በ75 ዓመቱ ነው። ሊሞት ወደ ፍሎረንስ የሄደው ያ ወጣት ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ 45 ዓመት ኖረ። በነዚያ ዓመታት ትዳር ይዞ ሦስት ወንዶች ልጆች አሳድጓል። ስኳሩ አንድም ቀን አልለቀቀውም፤ እሱም ሥራውን አልለቀቀም።