ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት፣ የጎራሄው ጠባቂ

ስለ ጣልያን ወረራ ሲወራ ተማሪዎቻችን ማይጨውንና የሰሜኑን ተራሮች ይጠሩልናል። የኦጋዴንን ግንባር የሚጠራ ግን ጥቂት ነው። ለዚህ ነው ዘንድሮ የግራዝማች አፈወርቅን ታሪክ የመረጥኩት። የተዋጉበትን ሙቀትና የውኃ ችግር ለዋራበሌ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል የውኃ ጉድጓዶች ላይ ግጭት ተነሣ፤ ሙሶሊኒም ለጦርነቱ ምክንያት አደረገው። ከዚያ በኋላ በፋፈን ወንዝ አጠገብ ያለችው ጎራሄ ከባድ ኃላፊነት ወደቀባት። ከሶማሊያ ተነሥቶ ወደ ጅጅጋና ወደ ሐረር የሚገፋ ጦር እርሷን ሳይዝ በቀላሉ አያልፍም። የጎራሄ ጦር አዛዥ አፈወርቅ ነበሩ። ግራዝማች ከቀኛዝማች በታች ያለ ማዕረግ ነው፤ ከተሰጣቸው ሥራ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነበር ማለት ይቻላል።

አገሪቱ መሣሪያ ቸግሯት ነበር። ዋናው መግቢያዋ ይኸው የጅቡቲ ወደብና ባቡሩ ሲሆን፣ ፈረንሳዮች ጣልያንን ላለማስቀየም መንገዱን ያጠብቡባት ነበር። ጎራሄም አውሮፕላን መመከቻ ብላ የምትመካው በአንድ የኦርሊኮን መድፍ ነበር። ጦርነቱ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. (በፈረንጅ አቆጣጠር 1935) ሲጀመር የግራዚያኒ አውሮፕላኖች ይደበድቧት ጀመር። መድፉን ይዘው የሚተኩሱት አዛዡ ራሳቸው ነበሩ።

በጥቅምት ወር በአንዱ ድብደባ ክፉኛ ቆሰሉ። ወደ ሕክምና ይሂዱ ቢባሉ እምቢ አሉ፤ እርሳቸው ከሄዱ ሠራዊቱ እንደሚበተን ያውቁ ነበር። ቁስሉ መርቅዞ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ሞቱ።

የፈሩት አልቀረም። ወታደሩ አዛዡን ሲያጣ ምሽጉን ትቶ ወጣ፤ ጣልያኖችም ብዙ ሳይቆዩ ጎራሄን ያዙ። አንዳንድ ሰው ቢታከሙ ኖሮ ተመልሰው ይዋጉ ነበር ይላል። እኔ ግን በዚያ በረሃ፣ በዚያ ሰዓት፣ ሌላ ምርጫ የነበራቸው አይመስለኝም። ይልቅ የሚያሳዝነኝ ያን ሁሉ ሰው አንድ ላይ የያዘው የአንድ ሰው መኖር ብቻ መሆኑ ነው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አናሌ ላይ የደጃዝማች ነሲቡ ሰዎች አሳዳጁን የጣልያን ጦር ገጥመው መለሱት። ግራዚያኒም በዚያ ግንባር በኃይል የገፋው በሚያዝያ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ለአፈወርቅ ከሞቱ በኋላ የደጃዝማችነት ማዕረግ ሰጧቸው። ሚያዝያ 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደግሞ ራሳቸው ጃንሆይ ከዚሁ ከጅቡቲ ወደብ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ወደ ስደት ሄዱ።