የይድነቃቸው ተሰማ ሒሳብ

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ከመስቀል አደባባይ አጠገብ ባለው፣ ያኔ በንጉሠ ነገሥቱ ስም ይጠራ በነበረው ስታዲየም፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ቡድኑን ያሰለጠኑት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ በየዓመቱም ይነገራል። ብዙ ጊዜ የማይነሳው ነገር የእነዚያ ልጆች እንጀራ ነው። ከኳስ በሚገኝ ደመወዝ የሚተዳደር ተጫዋች በዚያን ዘመን በአገራችን አልነበረም። ወታደር አለ፣ ፖሊስ አለ፣ የፋብሪካና የቢሮ ሠራተኛ አለ። ሉቻኖ ራሱ መካኒክ ነበር።

ይህ የሆነው በድህነት ብቻ አይደለም። በከፊል እምነት ነው፤ የዚያ እምነት ዋና ጠበቃም አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። የዛሬዎቹ ወጣት ተጫዋቾቻችን በገንዘብ ጉዳይ የገቡበትን አጣብቂኝ ለመረዳት የእሳቸውን ሕይወት ማየት ይጠቅማል የምለው ለዚህ ነው።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ነጋድራስ ተሰማ እ.ኤ.አ. በ1908 በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ተልከው፣ እዚያው ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ድምፃዊ ናቸው። ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃ ማለት ነው። ግጥምና ዜማን ከንግድና ከቀረጥ ጋር በአንድ ሰው ላይ ያስተባበረ ቤት ነበር ማለት ነው። ልጁ ከአባታቸው የወረሱት መድረክ ላይ የመቆምን ድፍረትና አንደበትን ይመስለኛል፤ ንግዱን አልወረሱም።

በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተምረዋል። ኳሱን የተጫወቱት በ1928 ዓ.ም. ለተመሠረተው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ 23 ዓመት። በ365 ጨዋታዎች 318 ጎል አስቆጥረዋል ተብሎ ተመዝግቧል። ዛሬ ይህን ያህል ጎል ያለው አጥቂ በወኪል በኩል ካልሆነ አይገኝም። እሳቸው ግን ለአንድ ክለብ ተጫውተው፣ እዚያው ክለብ ውስጥ አሰልጣኝም ሆነው፣ ለኑሯቸው ሌላ ሥራ እየሠሩ ነው ያለፉት። ጎን ለጎን የጨዋታውን ሕግ በአማርኛ ካዘጋጁት ግንባር ቀደሞች አንዱ ነበሩ፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላ የአገሪቱን እግር ኳስ በፌዴሬሽን ካደራጁትም መሃል ናቸው። ሕግ ለተማረ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ተጫዋች፣ አሰልጣኝ፣ ሕግ አውጪና አስተዳዳሪ በአንድ ሰው ሲጠቃለሉ ሥልጣን ያለ ቁጥጥር ይቀራል ብለን ልንተች እንችል ነበር። በጊዜው ግን ሌላ የሚሠራው ሰው አልነበረም።

ያ ሥርዓት ለተጫዋቹ ምን ይሰጠው ነበር? ገንዘብ አይሰጠውም ነበር። ክለቦቹ ግን የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስ፣ የአየር ኃይል፣ የፋብሪካና የመንግሥት ድርጅት ነበሩና ተጫዋቹ የወር ደመወዝተኛ ነው። ጉልበቱ ሲደክም ጠረጴዛው ወይም መፍቻው ይጠብቀዋል፤ ዕድሜው ሲደርስ ጡረታው አለ። ሉቻኖ እ.ኤ.አ. በ1978 አገሩን ጥሎ ጣሊያን ሲገባ ያኖረው የአምበልነት ዝናው ሳይሆን የመካኒክነት ሙያው ነበር። ጋራዥ ከፍቶ ኖረ፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በዚያው አረፈ።

አቶ ይድነቃቸው ከአገር ወጥተው አህጉራዊ ሰው የሆኑት በየካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ነው። ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ተወካዮች ጋር የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ ካፍን መሠረቱ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከመጀመሪያው ውድድር ወጣች፤ ኢትዮጵያም በዚሁ ምክንያት ያለ ግጥሚያ ፍጻሜ ደርሳ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ከዚያ በኋላ ለ30 ዓመት አቶ ይድነቃቸው የአፓርታይድን ጉዳይ አልለቀቁትም። እ.ኤ.አ. በ1966 የፊፋ ሥራ አስፈጻሚ አባል፣ በ1971 የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል፣ በ1972 የካፍ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ የተባረረችው በ1976 ሞንትሪያል ላይ ነው።

የካፍ ፕሬዚዳንትነታቸው ዘመን ገንዘብ ወደ እግር ኳስ በብዛት መግባት ከጀመረበት ዘመን ጋር ገጠመ። እ.ኤ.አ. በ1974 ብራዚላዊው ዦአው ሃቬላንዥ የአፍሪካን ድምፅ ይዘው የፊፋን ወንበር ያዙ፤ ኮካ ኮላና አዲዳስ ተከትለው ገቡ። አፍሪካም አልተጎዳችም። ለ1966 የዓለም ዋንጫ አንድ ሙሉ ቦታ እንኳ ተነፍጋ አድማ መትታ የነበረች አህጉር፣ በ1970 አንድ፣ በ1982 ሁለት ቦታ አገኘች። አቶ ይድነቃቸው ይህን ሁሉ ድርድር ውስጥ ሆነው አይተዋል፤ ገንዘብን የማያውቁ የዋህ ሰው አልነበሩም።

የተቃወሙት አንድ ነገር ነው፤ ተጫዋች ወደ ውጭ መሸጥን። ክርክራቸው ባጭሩ ይህ ነበር፤ አፍሪካ ቡናና ማዕድኗን ጥሬውን ልካ ተመልሳ በውድ እንደምትገዛ፣ ልጆቿንም በዚያው መንገድ ከላከች በሌሎች ሜዳ ዘላለም ጥሬ ዕቃ አቅራቢ ሆና ትቀራለች። የማሊው ሳሊፍ ኬይታ እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ ፈረንሳይ ከሄደ ወዲህ በሩ እየሰፋ ነበር። ካፍ ከ1965 ጀምሮ አንድ ብሔራዊ ቡድን ለአፍሪካ ዋንጫ ውጭ አገር የሚጫወቱ ከ2 በላይ ተጫዋቾች እንዳያሰልፍ የሚከለክል ደንብ ነበረው። ደንቡ በ1982 ተነሳ፤ በራሳቸው ፕሬዚዳንትነት ዘመን።

በእኔ ግምት አቶ ይድነቃቸው ምርመራው ላይ ትክክል ነበሩ፤ መድኃኒቱ ላይ ግን ተሳስተዋል። ከሽያጩ ዋናውን ትርፍ የሚያገኘው ገዢው መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የ22 ዓመት ልጅ የእግሩን ዋጋ እንዳይጠይቅ መከልከል አገርን አያበለጽግም፤ ልጁን ብቻ ያደኸያል። ሻጭ የሚሆነው እሱ፣ ዋጋ ነጋሪው ሌላ ሰው ሲሆን ደግሞ ሁለት ጊዜ ይከስራል። በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ ስለ ተጫዋቹ ውል፣ ስለ ቁጠባው፣ ስለ ጉዳት ካሳው የተነገረ ነገር በጣም ጥቂት ነው። ኳስ መተዳደሪያ አይሁን ብሎ የሚያምን ሰው፣ መተዳደሪያ የሆነ ቀን የሚያስፈልገውን ሕግ አያረቅም።

አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በካፍ ፕሬዚዳንትነት ላይ እንዳሉ አረፉ፤ 66 ዓመት ሊሞላቸው ሦስት ሳምንት ግድም ቀርቷቸው ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1988 ዓ.ም.፣ ቤልጂጋዊው ዣን ማርክ ቦስማን በአውሮፓ ፍርድ ቤት ረታ፤ ውሉን የጨረሰ ተጫዋች ያለ ዝውውር ክፍያ መሄድ ቻለ። በዚያ ፍርድ ብዙዎች ሚሊየነር ሆኑ። ቦስማን ራሱ ግን ያገኘውን ካሳ ጨርሶ፣ በመጠጥ ተጎድቶ፣ በመንግሥት ድጎማ እስከ መኖር ደረሰ። መብትን ማሸነፍና ገንዘብን መያዝ የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ጉዳይ አላውቅም።

ወደ እኛው እንመለስ። እነሆ ኳስ በኢትዮጵያም መተዳደሪያ ሆኗል። መጀመሪያ የፊርማ ክፍያ የሚባለው መጣ፤ የሁለት ዓመት ዋጋ በአንድ ጊዜ ይታፈሳል። ቀጥሎ ወርሃዊ ደመወዝ ሆነ። በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ የአንድ ተጫዋች ከፍተኛ የወር ደመወዝ ከነግብሩ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። ውሳኔውን ብዙዎቻችን የአቶ ይድነቃቸው መንፈስ ተመልሶ መጣ ብለን አይተነው ነበር። ጣሪያው ላይ የደረሰ ተጫዋች በጊዜው በነበረው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት 16,000 ብር ግብር ከፍሎ፣ የጡረታ መዋጮ ሳይቀነስ 34,000 ብር ይቀረው ነበር።

የሚያስጨንቀው የመጠኑ ማነስ ወይም መብዛት አይደለም። በ20 ዓመቱ ጀምሮ በ32 ዓመቱ የሚያቆም ተጫዋች የሚቀበለው፣ ሳይጎዳ ከዘለቀ፣ የ144 ወር ደመወዝ ነው። እስከ 65 ዓመቱ ለመኖር ደግሞ ሌላ 396 ወር አለበት። ያውም 144ቱ ወር ሙሉ ከተከፈለ ነው። የተጫዋቾች ዓለም አቀፍ ማኅበር፣ ፊፍፕሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት ከጠየቃቸው ተጫዋቾች 41 በመቶው ባለፉት ሁለት የውድድር ዘመናት ደመወዝ ዘግይቶባቸዋል። በእኛም ሊግ አብዛኞቹ ክለቦች በከተማና በክልል በጀት የሚተዳደሩ ናቸው፤ በጀቱ ሲዘገይ ተጫዋቹ ልምምድ እስከ ማቆም የደረሰባቸውን ዓመታት አይተናል።

እዚያ ላይ ነው ዕዳው የሚጀምረው። ከየክፍለ ሀገሩ መጥቶ አዲስ አበባ የተከራየ ልጅ፣ ወላጅ የሚጦር፣ ወንድም የሚያስተምር፣ ከጨዋታ በኋላ ካዛንቺስ ሲገባ ሒሳብ ክፈል የሚባል ልጅ ነው። ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች ነው፤ የደመወዝተኛ ሰፈር ነበረች። በኋላ የምሽት ሰፈር ሆነች፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አብዛኛው ክፍሏ ለኮሪደር ልማት ፈረሰ። ቤቶቹ ቢፈርሱም ልማዱ ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል እንጂ አይጠፋም። ደመወዙ ለሦስት ወር ሲቆም ልጁ ከጓደኛ ይበደራል፣ ዕቁቡን አስቀድሞ ይወስዳል፣ ሲብስም አራጣ አበዳሪ ዘንድ ይደርሳል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በግለሰቦች መካከል ለሚደረግ ብድር ከ12 በመቶ የዓመት ወለድ በላይ አይፈቅድም፤ አራጣም ወንጀል ነው። ይህን የሚነግረው ግን ማነው? ለቡድን ጓደኛው ዋስ ሆኖ ሲፈርምስ፣ የገንዘቡ ጣሪያ ያልተጻፈበት ዋስትና እንደማይጸና የሚያስረዳው ማነው? ለጉልበቱ ሐኪም ያለው፣ ለሆዱ ወጌሻ የማያጣው ልጅ ለውሉ አንባቢ የለውም።

አሠሪው ክለብም ቢሆን ከደመወዙ በአንድ ጊዜ ከሲሶው በላይ ሊቆርጥበት አይችልም፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንዲህ ይላል። ይኸው አዋጅ ሌላ የማይታወቅ አንቀጽ አለው። ያልተከፈለ ደመወዝ መከፈል ከነበረበት ቀን አንስቶ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። የክለቡ ፕሬዚዳንት በጀቱ ሲለቀቅ እንከፍላለን፣ ልጆች ታገሱ ይላል። ልጆቹም ይታገሳሉ፤ ፕሬዚዳንቱን አባት አድርገው ስለሚያዩ ወረቀት አይጠይቁም። የመጋቢት ደመወዝ በመስከረም መጨረሻ በይርጋ ይቀራል፤ ተጫዋቹ ያኔ ሌላ ከተማ፣ በሌላ ማሊያ፣ ለአዲሱ ውድድር ዘመን እየተለማመደ ነው።