ብላቴን ጌታ ሎሬንዞ ታእዛዝ፦ የሕግ ሰው በአገር አገልግሎት

በጠላት ወረራ ዘመን የሱዳንን ጠረፍ በስውር ተሻግረው ወደ አርበኞች ከገቡት መልእክተኞች አንዱ በትምህርታቸው የሕግ ሰው ነበሩ። በዚህ እትማችን የእኚህን ሰው ሕይወት በአጭሩ እናቀርባለን።

ሎሬንዞ ታእዛዝ በ1892 ዓ.ም. በኤርትራ፣ በአካለ ጉዛይ ተወለዱ። ኤርትራ በዚያን ጊዜ በኢጣሊያ ቅኝ አገዛዝ ሥር ስለ ነበረች ለአገሬው ልጅ የተፈቀደው ትምህርት እጅግ ጥቂት ነበር። ወደ ኤደን ተሻግረው ሳሉ ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ጋር ተዋወቁ፤ በእርሳቸውም ድጋፍ ወደ ፈረንሳይ ሄደው በሞንፔሊዬ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማሩ።

በ1927 ዓ.ም. የእንግሊዝና የኢትዮጵያ የወሰን ኮሚሽን ወልወል በደረሰ ጊዜ ከኢትዮጵያ ወገን አብረው ነበሩ። በዚያ የተነሣውን ግጭት ኢጣሊያ ለወረራዋ ሰበብ አደረገችው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ያሰሙትን አቤቱታ በማዘጋጀት ረዱ፤ ከዚያም በማኅበሩ ዘንድ የኢትዮጵያ ወኪል ሆነው ተሟገቱ። ሕጉ ከኢትዮጵያ ጋር ነበረ፤ ፈራጆቹ ግን ኃያሉን ፈሩ። እንግሊዝ ሳትቀር ብዙዎቹ መንግሥታት የኢጣሊያን ድል አጸደቁ። አገሪቱ ተገዝታለች፣ የሚዋጋም የለም ተባለ።

ይህን ክርክር በወረቀት ብቻ መርታት እንደማይቻል ሎሬንዞ ተረዱ። ስለዚህም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መባቻ ከሱዳን ተነሥተው ወደ ጎጃም በስውር ገቡ። ቢያዙ፣ በኢጣሊያ ግዛት የተወለዱ ናቸውና ምሕረት ባላገኙ ነበር። ከአርበኞች መሪዎች ጋር ተገናኝተው ተጋድሎው አለመቋረጡን በዓይናቸው አይተው ተመለሱ። በእኛም አገር፣ በጭልጋና በአርማጭሆ፣ እነ አሞራው ውብነህ ያንጊዜ በዱር ነበሩ። የዓይን ምስክር ቃል ከብዙ ማመልከቻ ይልቅ ይሰማልና፣ ያመጡት ወሬ በውጭ ላሉት ተስፋን አጸና።

ጎንደር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ሎሬንዞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። ኋላም በሞስኮ ኢትዮጵያን ወክለው አገለገሉ። የተወለዱባት ኤርትራ ዕጣ ገና ሳይወሰን፣ በ1938 ዓ.ም. በስቶክሆልም ዐረፉ፤ ዕድሜያቸውም ከሃምሳ አልደረሰም።

የተማረ ሰው ለአገሩ ምን ያደርጋል ብለው ወጣቶቻችን ሲጠይቁን፣ እኒህን የሕግ ሰው ልናነሣላቸው እንችላለን። እውነትን በአደባባይ ተከራከሩላት፤ አደባባዩ ባልሰማቸው ጊዜም ማስረጃዋን ፍለጋ በእግራቸው ሄዱ።