ቋንቋን በድምፅ ያሻገሩት መምህር፤ የታምራት አማኑኤል ሕይወት

ካዛንቺስ የሚለው የሰፈር ስም በጆሮ የተገኘ ስም ነው። ጣሊያኖች አዲስ አበባን በያዙበት ዘመን ለመንግሥታቸው ሠራተኞች መኖሪያ የሚያሠራው ድርጅት በአጭሩ ኢንቺስ ይባል ነበር። ቤቶቹ ካዜ ኢንቺስ ተብለው ሲጠሩ የሰማ የከተማ ሰው፣ የሰማውን ለአንደበቱ እንዲስማማ አድርጎ ያዘው፤ ስሙም ከሠሪዎቹ አገዛዝ የበለጠ ዕድሜ አገኘ። ባዕድ ቃል መጽሐፍ ሳይገለጥ እንዲህ ይለመዳል። ዛሬ የዕብራይስጥን ንግግር ከሀ ብሎ ሊጀምር የሚሻ ሰው ማዳመጫውን በጆሮው አድርጎ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን እስከ ካዛንቺስ እየተራመደ አንድ የድምፅ ትምህርት ሊጨርስ ይችላል። በዚህች ከተማ ያንኑ ቋንቋ ለልጆች ጆሮ ለማድረስ ግን አንድ ሰው የወጣትነት ዘመኑን በሙሉ በባዕድ አገር መክፈል ነበረበት።

ታምራት አማኑኤል በ1888 ገደማ በጎንደር አገር ከቤተ እስራኤል ወገን ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያ ትምህርታቸውን በአሥመራ በስዊድን ሚሲዮን ተማሩ። የፖላንድ ተወላጅ የሆኑት የሴም ቋንቋዎች ተመራማሪ ዣክ ፋይትሎቪች የመጀመሪያ የኢትዮጵያ ጉዟቸውን ፈጽመው በ1905 ሲመለሱ፣ ታምራትን ከሌላ አንድ ወጣት ጋር ወደ አውሮፓ ወሰዷቸው። በፓሪስ በአሊያንስ የመምህራን ትምህርት ቤት፣ ከዚያም በፍሎሬንስ የረቢዎች ትምህርት ቤት በረቢ ማርጉሊስ ሥር ተማሩ። ወደ ዕብራይስጥ የደረሱት እንግዲህ በፈረንሳይኛና በጣሊያንኛ በኩል ዞረው ነው።

ነገሩ ቀላል እንዳልነበረ ለመረዳት ሁለት ጉዳዮችን ማስታወስ ይበቃል። በሌላው ዓለም የተበተኑት አይሁድ ቢያንስ ለጸሎት ዕብራይስጥን ሲያነቡ፣ ቤተ እስራኤል ግን ኦሪታቸው በግእዝ የተጻፈ ስለ ነበረ ዕብራይስጥን አያውቁትም ነበር። ሁለተኛም፣ ቋንቋው ራሱ የዕለት መነጋገሪያ ከሆነ ገና ጥቂት ጊዜው ነበር። ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ በ1881 ኢየሩሳሌም ገብተው በቤታቸው ከዕብራይስጥ በቀር ሌላ እንዳይነገር የወሰኑት ታምራት ከመወለዳቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። በ1882 የተወለደው ልጃቸውም በዚህ ቋንቋ አፉን የፈታ የመጀመሪያው የዘመኑ ሕፃን ይባላል። (የቤን ይሁዳ መኖሪያ ከነበሩት ቤቶች አንዱ በኢየሩሳሌም የሐበሾች ጎዳና ከደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያናችን ፊት ለፊት መሆኑን ያየ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ ሁሉ ቆም ብሎ ማሰቡ አይቀርም።)

በ1923 ፕሮፌሰር ታምራት ከፋይትሎቪች ጋር ሆነው በአዲስ አበባ ለቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ አስተዳዳሪውም እርሳቸው ሆኑ። ከየመንደሩ ተነሥተው ለሚመጡት ልጆች ዕብራይስጥ ፈጽሞ ባዕድ አልነበረም። የአቡጊዳ ተራ፣ ከአ ወደ በ፣ ከገ ወደ ደ እያለ፣ የዕብራይስጡ የፊደል ተራ ነው። ዳዊት የደገመ ልጅም በመቶ ዐሥራ ስምንተኛው መዝሙር አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ የሚሉትን የፊደል ስሞች አስቀድሞ ያውቃቸዋል። ቤት ባይት፣ ራስ ሮሽ፣ ልብ ሌቭ፣ ሰማይ ሻማይም፣ ደምም ዳም ሆኖ ሲሰማ ዘመዱን እንዳገኘ ሰው ደስ ይለዋል።

ወጥመዱም ያለው በዚሁ ዝምድና ውስጥ ነው። እኛ ጠ፣ ቀ፣ ጸ ስንል ድምፁን አጥብቀን እንለቃለን፤ በዛሬው የዕብራይስጥ ንግግር ግን ጠ ከተ፣ ቀ ከከ አይለይም። ከሁሉ የሚከብደው ግን የአክብሮት ጉዳይ ነው። ዕብራይስጥ እርስዎ የሚል ቃል የለውም። በአማርኛ ያደገ ልጅ ሽማግሌውን፣ መምህሩን፣ ሹሙን አንተ ብሎ መጥራት ይኖርበታል፤ ምላሱ ቢታዘዝለት እንኳ ልቡ እሺ አይልም። ይህን የሚያየውና የሚያርመው በፊቱ የቆመ መምህር ነው።

የዛሬዎቹ የድምፅ ትምህርቶች በዚህ ረገድ ጉድለት አለባቸው፤ ጥቅማቸውን ግን መካድ አይገባም። አሜሪካዊው ጳውሎስ ፒምስለር በ1967 ባሳተመው ጥናት አንድ አዲስ ቃል ከ5 ሴኮንድ፣ ከ25 ሴኮንድ፣ ከ2 ደቂቃ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ፣ እንዲሁም እየተራራቀ ቢጠየቅ በአእምሮ እንደሚጸና አመለከተ። በዚህ ዘዴ የተዘጋጀ ትምህርት ሰምቶ ዝም ማለትን አይፈቅድም፤ ይጠይቃል፣ ጥቂት ይታገሣል፣ ከዚያ መልሱን ያሰማል። ጀማሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ ካልመለሰ ድካሙ ከንቱ ነው። ታካች የማይሆን መምህር ማለት ይህ ነው፤ ነገር ግን ጆሮ የለውም፤ ተማሪው ቀን አጥብቆ ቢናገር አይሰማውም።

የፕሮፌሰር ታምራት ሥራ ያለ ኀዘን አልተፈጸመም። ወደ ፍልስጥኤም፣ ወደ ጀርመን፣ ወደ ስዊስና ወደ ፈረንሳይ ከተላኩት ወጣቶች ብዙዎቹ ሲመለሱ ወደ ትውልድ መንደራቸው በመሄድ ፈንታ የመንግሥት ሠራተኞች ሆኑ። በዚህ ትምህርት ቤቱን መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ይመስላል፤ ቋንቋ ያወቀ ሰው በጠፋበት ዘመን መንግሥት የተማረውን ሁሉ ይሻ ነበርና። ከፋይትሎቪች ጋር የነበራቸው ግንኙነትም ከጊዜ በኋላ ሻከረ። ጠላት ሲገባ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ የተማረ ሰው ሁሉ በሚታደንበት በ1937 ወደ ግብፅ አመለጡ፤ ከዚያም ኢየሩሳሌም ገቡ። ከነጻነት በኋላ ተመልሰው በትምህርት ሥራ አገለገሉ፤ ስለ ኢትዮጵያ ደራስያን የሰጡት ንግግር የሥነ ጽሑፋችን ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ የሚጠቅሱት ነው። በፓሪስ የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን የባህል ጉዳይ ባልደረባ ሆነው ከሠሩም በኋላ የመጨረሻ ዘመናቸውን በእስራኤል አሳልፈው በ1963 ዐረፉ።

የጀመሩት በእርሳቸው አልቆመም። ከአዲስ አበባው ትምህርት ቤት ወጥተው በኢየሩሳሌምና በአውሮፓ የተማሩት የወለቃው ተወላጅ ዮና ቦጋለ በኋላ የዕብራይስጥና የአማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጁ። በ1955 በአሥመራ የመምህራን ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ በዚያና በተከታዩ ዓመት 27 ወጣቶች በእስራኤል ወደሚገኘው ክፋር ባትያ ትምህርት ቤት ተላኩ። በግንቦት 1991 ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ያህል ጊዜ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመወሰዳቸው በፊት፣ ጉዞውን በሚጠባበቁባቸው ወራት በኤምባሲው ግቢ ብዙ ልጆች ዕብራይስጥ ይማሩ ነበር። መምህሩ ይላል፤ ልጆቹ ተቀብለው ይላሉ።