ዶክተር ጌሪ ኪልዳልና የፍሎፒ ዲስክ ሥርዓት

በአዲስ አበባ ዙሪያ በሚገኙት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ያሉ መሥሪያ ቤቶች ከዋናው ከተማ ጋር በኔትወርክ ከመገናኘታቸው በፊት፣ በኮምፒዩተር የተዘጋጀ ሰነድ ከቦታ ወደ ቦታ የሚሻገረው በፍሎፒ ዲስክ ላይ ሰፍሮ፣ በሰው እጅ ተይዞ ነበር። አዲስ ፍሎፒ የያዘ ሠራተኛ አስቀድሞ በዶስ የትእዛዝ መስመር ላይ ፎርማት የሚለውን ቃል፣ ቀጥሎም የኤ ፊደልንና ከእኛው ሁለት ነጥብ ጋር የሚመሳሰለውን ምልክት ይጽፋል። በኤ ፈንታ ሲ ብሎ የጻፈና የመጣለትን ማስጠንቀቂያ ሳያነብ ያለፈ ሰው የመሥሪያ ቤቱን የዓመታት መዝገብ ሊያጣ ይችል ነበር። ይህን የትእዛዝ መስመር የሚያውቁ ብዙዎች ሲሆኑ፣ ድራይቭን በአንድ ፊደል መጥራትን በግል ኮምፒዩተር ዘንድ ያስለመዱትን ሰው የሚያውቁ ግን ጥቂቶች ናቸው። እኒህ ሰው ዶክተር ጌሪ ኪልዳል ይባላሉ።

ኪልዳል እ.ኤ.አ. ሜይ 19 ቀን 1942 በዩናይትድ ስቴትስ በሲያትል ከተማ ተወለዱ። ቤተሰባቸው የመርከበኞች ትምህርት ቤት ያስተዳድር ስለነበር፣ በወጣትነታቸው በዚያው አስተምረዋል። ወደ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የገቡት የሒሳብ መምህር ለመሆን አስበው ነበር፤ ይሁን እንጂ በዚያ ያገኙት ኮምፒዩተር ሐሳባቸውን አስለወጣቸው። የውትድርና ግዴታቸውን የፈጸሙት በካሊፎርኒያ በሞንተሬይ በሚገኘው የባሕር ኃይል ከፍተኛ ትምህርት ቤት በማስተማር ሲሆን፣ በ1972 ከዚያው ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ።

በዚያን ጊዜ ኢንቴል የተባለው ኩባንያ በ1971 ያወጣው 4004 የተሰኘው ማይክሮፕሮሰሰር ለብዙዎች የካልኩሌተር አካል ከመሆን ያለፈ አይመስልም ነበር። ኪልዳል ግን የሙሉ ኮምፒዩተር መሠረት ሊሆን እንደሚችል ተረዱ። ለኢንቴል በአማካሪነት እየሠሩም ፒኤል/ኤም የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አበጁ። ሆኖም ፕሮግራሙን የሚያዘጋጁት በትልልቅ ኮምፒዩተሮች ላይ ነበርና፣ ትንሿ መሣሪያ ራሷን ችላ እንድትሠራ ፈጣንና ርካሽ የማከማቻ ዕቃ አስፈለጋት። ከሹጋርት ኩባንያ አንድ የፍሎፒ ድራይቭ ቢያገኙም መቆጣጠሪያ ሰርኪዩት አልነበረውም። ይህንን ጆን ቶሮድ የተባሉ ወዳጃቸው ሠሩላቸው። በዚህ ሁኔታ ሲፒ/ኤም የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በ1974 በፓሲፊክ ግሮቭ ከተማ ሥራ ጀመረ። ከባለቤታቸው ከዶረቲ ጋርም በኋላ ዲጂታል ሪሰርች የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ።

የሥራው ፍሬ ነገር የሚታየው ከዲስኩ ላይ ነው። ፍሎፒ በመጀመሪያ ማግኔታዊ ቅብ የተቀባ ክብ ፕላስቲክ እንጂ ሌላ አይደለም። ፎርማት ማድረግ ማለት በዚህ ገጽ ላይ ትራክ የሚባሉ ክቦችን፣ በእያንዳንዱ ክብ ላይም የየራሳቸው አድራሻ ያላቸውን ሴክተሮች መጻፍ ነው። ኪልዳል የተጠቀሙበት ባለ 8 ኢንች የአይቢኤም ዲስክ 77 ትራኮች፣ በእያንዳንዱ ትራክ 26 ሴክተሮች፣ በእያንዳንዱ ሴክተርም 128 ባይት ነበሩት፤ ይህም በድምሩ 256,256 ባይት ይሆናል። ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ትራኮች ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መድበው፣ የቀረውን ለፋይሎች ማውጫና ለፋይሎቹ አዋሉት። ከፋብሪካ ፎርማት ተደርጎ የሚመጣው ዲስክ ኢ5 በተባለው የሄክሳዴሲማል ቁጥር የተሞላ ስለነበር፣ ኪልዳል ይህንኑ ቁጥር የባዶ ቦታ ምልክት አደረጉት። በዚህም አዲስ ዲስክ ያለ ምንም ተጨማሪ ዝግጅት ባዶ ማውጫ ሆኖ ይነበባል። ይህ ምልክት በኋላ በዶስ ዘንድ የተሰረዘ ፋይል መለያ ሆነ። የተሰረዘ ፋይል አንዳንድ ጊዜ ሊመለስ የሚችለውም የሚለወጠው የስሙ የመጀመሪያ ባይት ስለሆነና ይዘቱ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ በቦታው ስለሚቆይ ነው።

ሁለተኛው ታላቅ ሥራቸው ከመሣሪያ መሣሪያ የሚለዋወጠውን ክፍል ከማይለዋወጠው መለየታቸው ነው። የሚለዋወጠውን ባዮስ በተባለው ትንሽ ክፍል ስለሰበሰቡት፣ አንድ ፋብሪካ ይህን ክፍል ብቻ ጽፎ ሲፒ/ኤምን በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ማስነሣት ቻለ። ይሁን እንጂ ይኸው ነጻነት ጉዳትም ነበረው። ዲስክን ፎርማት የሚያደርገው ፕሮግራም ለየፋብሪካው ስለተተወ፣ ባለ 5 ከሩብ ኢንች ዲስክ በመጣ ጊዜ እያንዳንዱ አምራች የራሱን አቀማመጥ መረጠ። የአንዱ ዲስክ በሌላው መሣሪያ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነበብ ሆነ።

በ1980 አይቢኤም ለሚያወጣው የግል ኮምፒዩተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፈልጎ ወደ ዲጂታል ሪሰርች መልእክተኞች ላከ። ኪልዳል በዚያ ዕለት ለሌላ የሥራ ጉዳይ በአውሮፕላናቸው ተጉዘው ነበር፤ ባለቤታቸውም አይቢኤም ባቀረበው የምስጢር ጥበቃ ውል ላይ ከመፈረም ተቆጠቡ። ድርድሩ ሳይሰምር ሲቀር አይቢኤም ከማይክሮሶፍት ጋር ተስማማ። ማይክሮሶፍት ያቀረበው ሲስተም ቲም ፓተርሰን የጻፉት ሲሆን፣ ለፕሮግራሞች የሚሰጠው አገልግሎት ሲፒ/ኤምን የተከተለ ነበር፤ ፋይሎችን በዲስክ ላይ የሚደለድልበት መንገድ ግን የተለየ ነበር። በ1981 የወጣው ዶስ የፎርማት ትእዛዝን ከራሱ ጋር ስላካተተ፣ የ40 ትራክ፣ የ8 ሴክተርና የ512 ባይት አቀማመጥ ለሁሉም አንድ ሆነ። ኪልዳል ሥራቸው ተቀድቷል ብለው ቅሬታቸውን ሲያሰሙ፣ አይቢኤም የእርሳቸውንም ሲስተም ለመሸጥ ተስማማ። ዋጋው ግን 240 ዶላር፣ የዶስ ደግሞ 40 ዶላር ስለነበር ገዢው ወደ ርካሹ አዘነበለ።

ኪልዳል ከዚያ በኋላም ሥራ አላቆሙም። ኢንሳይክሎፔዲያን በሲዲ ሮም ለሕዝብ ካቀረቡት ቀዳሚዎች አንዱ ሆኑ፤ በቴሌቪዥንም ኮምፒዩተርን ለብዙኃኑ አስተዋወቁ። ዲጂታል ሪሰርች በ1991 ለኖቬል ተሸጠ። እርሳቸውም በራሳቸው ላይ በደረሰ ጉዳት ጁላይ 11 ቀን 1994 በ52 ዓመታቸው በሞንተሬይ ዐረፉ። በ2014 አይ ትሪፕል ኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር ሲፒ/ኤምን በታሪካዊ ሥራዎቹ መዝገብ አስፍሮ፣ በፓሲፊክ ግሮቭ መታሰቢያ ጽላት አቆመ።

የኪልዳል ታሪክ አንድ ያመለጠ ውል ብቻ ተደርጎ ሲነገር ብዙው ይቀራል። እርሳቸው ሲስተሙ በማንኛውም መሣሪያ ላይ እንዲሠራ አደረጉ፤ የዲስኩን ስምምነት ግን ለሌሎች ተዉት። ዶስ የበለጠው በዋጋና በአይቢኤም ስም ብቻ ሳይሆን፣ የአንዱ ዲስክ በሌላው ዘንድ እንዲነበብ በማድረጉም ጭምር ነው። ከሰበታ የተላከ ፍሎፒ አዲስ አበባ ላይ ይነበብ የነበረው በዚህ ስምምነት ነው። ፍሎፒው ዛሬ ከጠረጴዛ ላይ ጠፍቷል። ሆኖም የዊንዶውስ ዋና ዲስክ እስካሁን በሲ ፊደል የሚጠራው ኤና ቢ ለፍሎፒ ተይዘው ስለነበር ነው። ኢ5 የተባለው ምልክትም በብዙ ፍላሽ ዲስኮች ላይ የተሰረዘ ፋይልን እንዳመለከተ አለ።