ሳይስቅ ዓለምን ያሳቀው በስተር ኪተን

ሰውን ማሳቅ የሚሻ ቀልደኛ አብዛኛውን ጊዜ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ዓይኑን ያጉረጠርጣል፣ አንዳንዴም ከተመልካቹ ቀድሞ ራሱ ይስቃል። በድምፅ አልባ ፊልሞች ዘመን ከተነሡት ታላላቅ የኮሜዲ ተዋንያን አንዱ ግን የተለየ መንገድ መረጠ። ቤት ሲደረመስበት፣ ባቡር ሲያመልጠው፣ ማዕበል ሲያንገላታው ፊቱ እንደ ድንጋይ ጸጥ ያለ ነበር። ተመልካቹ በሳቅ ሲፈርስ እሱ ግን ኮስተር ብሎ ወደሚቀጥለው መከራ ይራመዳል። ይህ ሰው አሜሪካዊው በስተር ኪተን ነው።

ኪተን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 1895 በካንሳስ ግዛት፣ ፒኳ በምትባል ትንሽ የገጠር መንደር ተወለደ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ወላጆቹ ጆ እና ማይራ የመንደሯ ነዋሪዎች አልነበሩም። መድኃኒት ሻጮች ገበያተኛ ለመሰብሰብ ከሚያሰናዱት ተጓዥ ትርኢት ጋር ከከተማ ከተማ የሚዞሩ የመድረክ ሰዎች ነበሩና ልጁ በመንገድ ላይ ሳሉ ተወለደ።

የመጠሪያ ስሙ ጆሴፍ ፍራንክ ኪተን ነው። በስተር የሚለው ቅጽል የመጣው ገና ድክ ድክ ሲል ከደረጃ ላይ ተንከባሎ ወድቆ ምንም ሳይሆን በመነሣቱ እንደሆነ በቤተሰቡ ዘንድ ሲነገር ኖሯል። በዚያ ዘመን የመድረክ ሰዎች ከባድ አወዳደቅን በዚህ ቃል ይጠሩት ነበር። ስሙ ለሕይወቱ ትንቢት የሆነ ይመስላል።

አምስት ዓመት ሳይሞላው ወላጆቹ መድረክ ላይ አወጡት። ሥራው መወርወር ነበር። አባቱ በልጁ ልብስ ጀርባ ላይ የሻንጣ እጀታ አሰፍቶ፣ እያነሣ ከመድረኩ ወዲያ ወዲህ ይወረውረዋል። ተመልካቹ ይስቃል፣ የሕፃናትን ደህንነት የሚከታተሉ ሰዎች ግን ደጋግመው ይከሱ ነበር። በሰውነቱ ላይ የድብደባ ምልክት ቢፈለግም አይገኝም። ልጁ ሰውነቱን አላልቶና ተጠቅልሎ መውደቅን ከመጻፍና ከማንበብ ቀድሞ ተምሮ ነበርና። ትምህርት ቤት የሚባል ነገር እምብዛም አላየም። ትምህርት ቤቱ መድረኩ ነበር።

በዚያ መድረክ ላይ አንድ ትልቅ ነገር አስተዋለ። ሲወድቅ እሱ ራሱ ከሳቀ ተመልካቹ ብዙም አይስቅም። ፊቱን አኮሳትሮ፣ ነገሩ ቁም ነገር እንደሆነ አድርጎ ከተነሣ ግን አዳራሹ ይናወጣል። የኋላ ኋላ ዓለም ያወቀው የድንጋይ ፊት የተገኘው ከዚህ የልጅነት ትዝብት ነው።

በ1917 የአባቱ መጠጥ ከልክ በማለፉ የቤተሰቡ ቡድን ፈረሰ። የ21 ዓመቱ ወጣት ወደ ኒውዮርክ ሄዶ በሳምንት 250 ዶላር የሚከፈልበት የመድረክ ሥራ አገኘ። ሥራው ሳይጀመር ግን በጊዜው ዝነኛ የነበረው የፊልም ቀልደኛ ሮስኮ አርባክል ወደ ቀረፃ ቦታ ጋበዘው። ኪተን በካሜራው ተማረከ። እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ወደ ማረፊያው ወስዶ ክፍል በክፍል ፈታትቶ መልሶ ገጠመው። ከዚያም የ250 ዶላሩን ውል ትቶ፣ በሳምንት 40 ዶላር ብቻ ወደሚያገኝበት የፊልም ሥራ ገባ። በዓመቱ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ ፈረንሳይ ዘምቶ፣ በጆሮ ሕመም የመስማት ችሎታው ተጎድቶ ተመለሰ።

ከ1920 እስከ 1928 ያሉት ዓመታት የኪተን የመኸር ዘመን ናቸው። ጆሴፍ ሼንክ የተባለው ፕሮዲዩሰር የራሱን ስቱዲዮ አቋቋመለት፤ በሥራውም እጁን አላስገባበትም። ኪተን ታሪኩን ከጓደኞቹ ጋር ያፈልቃል፣ ያዘጋጃል፣ ይተውናል፣ ፊልሙንም ራሱ ቆርጦ ይቀጥላል። በዚህ ነጻነት 19 አጫጭርና 10 ረጃጅም ፊልሞችን ሠራ።

ከአጫጭሮቹ አንዱ በሆነው አንድ ሳምንት፣ አዲስ ሙሽሮች ተገጣጥሞ የሚቆም ቤት በስጦታ ይደርሳቸዋል። ተቀናቃኝ በሣጥኖቹ ላይ ያለውን ቁጥር ስለቀያየረው ቤቱ ተጣሞ ይቆማል፣ በነፋስም እንደ እንዝርት ይሾራል። ወደ ምዕራብ ሂድ በተሰኘው የ1925 ፊልም ደግሞ ወዳጅ ዘመድ የሌለው ሰው ሆኖ ወደ ከብት እርባታ ይገባል። ላም እንዴት እንደሚታለብ ስለማያውቅ ባልዲውን ከሥሯ አስቀምጦ ወተቱ በራሱ እስኪወርድ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ከዚያች ላም ጋር የሚመሠርተው ወዳጅነት ከኪተን ሥራዎች ሁሉ ሆድ የሚያባባው ነው። ከብት ያረባ ሰው ሁሉ ይህን ፊልም ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ኪተን አደገኛ ትዕይንቶችን በአብዛኛው ራሱ ይሠራ ነበር። በ1924 በተሠራው ሸርሎክ ጁኒየር፣ በሚሄድ ባቡር ጣሪያ ላይ እየሮጠ የባቡር ውኃ መሙያ ቱቦ ላይ ሲንጠለጠል የውኃው ኃይል ሐዲዱ ላይ ጣለው። ለሳምንታት ራሱን ቢያመውም ሥራውን አላቋረጠም። አንገቱ ተሰብሮ እንደነበር የታወቀው ከዓመታት በኋላ፣ ለሌላ ጉዳይ ራጅ ሲነሣ ነው። ስቲምቦት ቢል ጁኒየር በተባለው የ1928 ፊልም ደግሞ የአንድ ቤት የፊት ግድግዳ እንዳለ ይወድቅበታል። የሚያተርፈው የቆመበት ቦታ ከፎቁ ክፍት መስኮት ጋር መግጠሙ ብቻ ነው። ግድግዳው የእውነት ከባድ ነበር፤ ጥቂት ኢንች ቢሳሳት ሕይወቱ ባለፈ ነበር።

ታላቅ ሥራው ተብሎ የሚወደሰው ግን በ1926 የሠራው ጄኔራሉ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተፈጸመን እውነተኛ የባቡር ጠለፋ መነሻ ያደረገ ፊልም ነው። ለዚህ ፊልም በኦሪገን ግዛት እውነተኛ የባቡር ሞተር በሚቃጠል ድልድይ ላይ እንዲያልፍ ተደርጎ ወንዝ ውስጥ ወደቀ። ትዕይንቱ በድምፅ አልባ ፊልም ታሪክ እጅግ ብዙ ገንዘብ ከፈሰሰባቸው አንዱ ነው። ሆኖም ፊልሙ ወጪውን የሚክስ ገቢ አላመጣም፤ በወቅቱ የነበሩ ሐያስያንም አጣጣሉት።

በ1928 ኪተን ስቱዲዮውን ትቶ ኤምጂኤም ከተባለው ግዙፍ የፊልም ኩባንያ ጋር ተዋዋለ። ቻርሊ ቻፕሊንና ሃሮልድ ሎይድ እንዳያደርገው መክረውት ነበር። እሱም ኋላ ላይ የሕይወቱ ትልቁ ስሕተት ይህ እንደነበር ተናግሯል። በኩባንያው ውስጥ ታሪኩን ሌሎች ይጽፉለታል፣ ቀልዱን ሌሎች ይመርጡለታል፣ እንደ ልቡ መውደቅ እንኳ ይከለከላል። ድምፅ ያላቸው ፊልሞቹ ገበያ ቢያገኙም እሱን አላስደሰቱትም። የገዛ ማሳውን ትቶ በሰው ማሳ ተቀጥሮ እንደሚያርስ ገበሬ ሆነ፤ ምርቱ ቢበዛም የእሱ አልነበረም።

አባቱን የጣለው መጠጥ ልጁንም ያዘው። በ1932 ትዳሩ ፈረሰ፤ የሁለቱ ወንዶች ልጆቹ የአባት ስም ሳይቀር ወደ እናታቸው ቤተሰብ ስም ተቀየረ። በ1933 ከኩባንያው ተባረረ። በቅንጡ መኖሪያ ቤቱ ስመ ጥር እንግዶችን ያስተናግድ የነበረው ሰው በጥቂት ገንዘብ የሚሠሩ አጫጭር ፊልሞች ላይ መታየት ጀመረ። ቆየት ብሎም ወደዚያው ወዳባረረው ኩባንያ ተመልሶ፣ ስሙ ሳይጠቀስ ለሌሎች ቀልደኞች ቀልድ የሚያፈልቅ ተቀጣሪ ሆነ።

ለመውደቅ የሠለጠነው ሰው መነሣትንም ያውቅ ነበር። በ1940 ኤሊነር ኖሪስ የተባለችውን ወጣት ተወዛዋዥ አገባ። በ23 ዓመት ብትበልጠውም ኖሮ እንዲያ አትጸናለትም የሚያሰኝ ብርታት ነበራት፤ እሷ ግን በ23 ዓመት የምታንሰው ነበረች። እስከ ሞቱ ድረስ አብራው ኖረች። በፓሪስ የሰርከስ መድረክ ላይ ሠራ፤ በ1952 በቻፕሊን ፊልም ውስጥ ከቻፕሊን ጋር ጎን ለጎን ታየ፤ ወደ ቴሌቪዥንም ገባ።

የጠፉ የመሰሉት የቀድሞ ፊልሞቹም አንድ በአንድ ተገኙ። ከፊሎቹ የተገኙት በቀድሞ መኖሪያ ቤቱ ውስጥ ነበር። ቤቱን በኋላ የገዛው ተዋናይ ጄምስ ሜሰን የተረሱትን ጥቅልሎች አግኝቶ ከጥፋት አዳናቸው። በ1960 የክብር ኦስካር ተሸለመ። በ1965 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ታዳሚው ቆሞ ለረጅም ጊዜ አጨበጨበለት።

በስተር ኪተን የካቲት 1 ቀን 1966 በሳንባ ካንሰር በ70 ዓመቱ አረፈ። እስከ መጨረሻው ዓመት ድረስ ሥራ ላይ ነበር። በወቅቱ የተጣጣለው ጄኔራሉ በ1989 የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ሲቋቋም መጀመሪያ ከተመረጡት ፊልሞች ጋር ተካተተ። የሆንግ ኮንጉ ተዋናይ ጃኪ ቻን በአደገኛ ትዕይንቶቹ የእሱን ፈለግ መከተሉን ደጋግሞ መስክሯል።

ከመቶ ዓመት በፊት የተቀረፁት እነዚያ ፊልሞች ንግግር ስለሌላቸው ቋንቋ አይገድባቸውም። የወደቀ ሰው አቧራውን አራግፎ፣ ባርኔጣውን አስተካክሎ፣ ማንንም ሳይወቅስ መንገዱን ሲቀጥል ማየት ዛሬም ያስቃል፤ ዛሬም ያበረታል።