ልዑል አለማየሁ፦ ሐዘኑን በልቡ ይዞ ያደገው ልጅ

ዛሬ የምናወራላችሁ ሰው የድሬ ልጅ አይደለም። እንዲያውም እሱ ሲሞት ከተማችን ገና አልተቆረቆረችም ነበር። ታሪኩን ደግመን ያነሳነው ግን ፖለቲካውን ለማውራት ብለን አይደለም። የአንድ ልጅ ልብ ምን ያህል መሸከም ይችላል የሚለውን ስላሰብን ነው።

ልዑል አለማየሁ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1861 ነው። አባቱ አፄ ቴዎድሮስ፣ እናቱ የደጃዝማች ውቤ ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅ ናቸው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሰብሮ ገባ። ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። አለማየሁ ያኔ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ይቀሩት ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ እንኳ ለአንድ ሕፃን በቂ ነበር። ጦሩ እናትና ልጅን ይዞ ወደ ባሕር ሲጓዝ እናቱ መንገድ ላይ ታመው ሞቱ፤ የተቀበሩት ትግራይ ውስጥ ጨለቆት ሥላሴ ነው። ልጁ አባቱን ባጣ በአንድ ወር ገደማ እናቱንም አጣ ማለት ነው። ከዚያ መርከብ፣ ከዚያ የማያውቀው ሀገር።

በዚያ ሁሉ መሀል የቀረው አንድ ሰው ነበር፤ ካፒቴን ስፒዲ። አበሾች ባሻ ፈለቀ ይሉት የነበረው ይህ ረጅም እንግሊዛዊ ቀደም ሲል ኢትዮጵያ ኖሯል፣ አማርኛም ይናገራል። አለማየሁ ተጣበቀበት። ሌሊት ብቻውን መተኛት ስለሚፈራ ስፒዲ አጠገቡ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያም ልጁን አይታ ወደደችው፣ ወጪውም በእንግሊዝ መንግሥት ተሸፈነ። ፎቶ አንሺዎች አነሱት። ዛሬ ስልካችን ላይ የምናያቸው እነዚያ ፎቶዎች የዚያን ጊዜ ናቸው። አይኑን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ስፒዲና ሚስቱ ወደ ህንድ ሲሄዱ ልጁንም ይዘውት ሄዱ። ጥቂት ዓመት እንደ ቤተሰብ ኖሩ። ከዚያ የለንደን ባለሥልጣናት ልጁ በእንግሊዝ ትምህርት ቤት ማደግ አለበት ብለው ወሰኑ። በቃ፣ ከስፒዲም ተለየ። የሚተማመንበትን ሰው ሲያጣ ይሄ ሦስተኛው መሆኑ ነው። በመጀመሪያ ቸልተናም፣ ቀጥሎ ራግቢ የሚባል ትምህርት ቤት ገባ። ስፖርት ላይ ጎበዝ ነበር፣ ቀለም ግን አልሆነለትም። አማርኛውም ጠፋበት። ሀገር ቤት ያሉት አያቱ ወይዘሮ ላቂያዬ የልጅ ልጃቸውን ናፍቀው ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። እሱም ወደ ሀገሬ መመለስ እፈልጋለሁ ይል ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኘም።

እ.ኤ.አ. በ1878 ሳንድኸርስት ወታደራዊ ትምህርት ቤት አስገቡት። እዚያም አልተመቸውም፤ ትቶ ሊድስ ከተማ ወደሚኖር የቀድሞ አስተማሪው ቤት ሄደ። በ1879 መኸር ላይ ሳንባው ታመመ። ሰው መርዞኛል ብሎ ስላሰበ መድኃኒቱንም ምግቡንም እምቢ አለ። ኅዳር 14 ቀን 1879 እ.ኤ.አ. አረፈ። ገና 18 ዓመቱ ነበር፤ የብዙዎቻችሁ ዕድሜ። ንግሥቲቱ በማስታወሻዋ ላይ ማዘኗን፣ ልጁ ደስተኛ እንዳልነበረና በቆዳው ቀለም ምክንያት ሰው ሲያፈጥበት ይጨነቅ እንደነበር ጽፋለች። የተቀበረው ዊንድሶር ነው። ኢትዮጵያ አፅሙን ብትጠይቅም እስካሁን አልተመለሰም። በ2023 እ.ኤ.አ. የፀጉሩ ቁራጭ ብቻ ለንደን ላለው ኤምባሲያችን ተሰጥቷል።

እኛ ሐኪም ስላልሆንን፣ ሐኪም ብንሆንም የሞተን ሰው መመርመር ስለማይቻል፣ አለማየሁ ድብርት ነበረበት አንልም። የገደለው የሳንባ በሽታ ነው። ግን አንድ ነገር በግልጽ ይታያል። ምግብ፣ ልብስ፣ ትምህርት ቤት፣ ንግሥት፣ ሁሉም ነበረው። ያጣው ሐዘኑን በራሱ ቋንቋ የሚያወራለትና ሳይሄድበት የሚቆይ ሰው ነው። ብዙ ያጣ ልብ ደግሞ ማመን ይከብደዋል። መጨረሻ ላይ ሊያድኑት የመጡትን እጆች እንኳ ተጠራጠረ።

ከመቅደላ የተወሰደው እሱ ብቻ እንዳልሆነ ታውቁ ይሆናል። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም ሦስት ዓመት ገደማ ሆኖት ከዚያው ተራራ ተወስዶ ህንድ አደገ፣ ሐኪም ሆነ። ከዓድዋ ድል በኋላ ሀገሩ ሲመለስ አያቱ በሰውነቱ ላይ ባለ ጠባሳ ለይተው አወቁት። በኋላም ጎረቤታችን ጨርጨርን አስተዳድሯል። የሁለቱ ዕጣ ለምን ተለያየ ብሎ በአንድ ምክንያት መደምደም አይቻልም። ግን ጠባሳህን አይቶ የሚያውቅህ ሰው ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደበትን ሌሊት የሚያስታውሱ ዛሬም አሉ። በጅቡቲ በኩል ወጥቶ ድምፁ የጠፋ ወንድም ያላቸውም አሉ። ድሬ ላይ ደግሞ ጨዋታ እንወዳለን፤ ከዚራ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን እንስቃለን፣ ከዚያ ቤት ገብተን ጣራ እያየን እናድራለን። እንዴት ነህ ሲሉን አቦ ሰላም ነው እንላለን። ወንድ ልጅ አያለቅስም ተብለን አድገናላ! ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚሉትም አባቶቻችን ናቸው።

እንቅልፍ እምቢ ካለህ፣ የምትወጂው ነገር ሁሉ ካስጠላሽ፣ ያለ ምክንያት ቁጣ ወይም ለቅሶ ከመጣ፣ ይሄም ሳምንታት ከቆየ፣ ለአንድ ሰው መንገር የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ሁሉንም መንገር አይጠበቅባችሁም። ሰሞኑን ደህና አይደለሁም ማለት ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል።

ሁለተኛው እርምጃ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዶ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማግኘት እፈልጋለሁ ብሎ መጠየቅ ነው። እዚያ ከሌለ ወዴት እንደምትሄዱ ይነግሯችኋል። ባለሙያው በመጀመሪያው ቀን መቼ እንደጀመራችሁ፣ እንቅልፍና ምግባችሁን፣ በሕይወታችሁ የሆነውን ይጠይቃል። ሁሉም ሰው መድኃኒት አይታዘዝለትም፤ ለብዙዎች በቀጠሮ እየተገናኙ ማውራቱ ራሱ ሕክምና ነው። የመጀመሪያው ባለሙያ ካልተመቻችሁ ሌላ መሞከር ይቻላል። ጸሎቱም ዱዓውም ይቀጥል፣ ከሕክምናው ጋር አይጣሉም። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ብቻችሁን አትሁኑ፣ አሁኑኑ ለቅርብ ሰው ንገሩና አብራችሁ ሆስፒታል ሂዱ።

አለማየሁን ዛሬ ልንረዳው አንችልም። አጠገባችን ዝም ያለውን ልጅ ግን እንችላለን። ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ሰሞኑን ድምፁ የጠፋባችሁን አንድ ጓደኛ አስታውሱና ደውሉለት። ሰላም ነው ካላችሁ ቶሎ አትዝጉት፣ አንዴ ደግማችሁ ጠይቁት።